የተሸኘ ሰው አይመለስም

በእኛ አገር ሰው ሲሸኝ አይታችሁ ታውቃላችሁ? መንደሩ አንዴ ሊሸኝህ ከተነሣ መሄድ ግዴታህ ነው። በግ ታርዷል፤ ተመርቋል፤ ተለቅሷል። ይህ ሁሉ ከሆነ በኋላ «ለጊዜው ቀርቻለሁ» ብሎ ብቅ ማለት፣ በቀብሩ ዕለት ከሣጥኑ ተነሥቶ ውሃ እንደ መጠየቅ ነው። ደስ የሚለው ሰው አይጠፋም፤ ግን ከድንጋጤው በኋላ ነው።

እኔ የሠራዊት ሾፌር ነኝ፤ ከባድ መኪና እነዳለሁ። ሰላም አስከባሪ ሆኜ ውጭ አገር ስመደብ፣ ከፍኖተ ሰላም በእግር ሁለት ሰዓት የሚያስኬደው መንደራችን ጉዳዩን «ባሕር ማዶ» ብሎ ሰየመው። አገሩ ጎረቤታችን እንደሆነ፣ በመካከላችን እንኳን ባሕር ይህ ነው የሚባል ኩሬ እንደሌለ ለማስረዳት ሞክሬ ነበር። ማን ሰምቶኝ? በአውሮፕላን የሚኬድበት ሁሉ ባሕር ማዶ ነው፤ አለቀ።

የሽኝቱ ዕለት እናቴ ለፋሲካ ያሰበችውን ሙክት አሳረደች። የንስሐ አባታችን ቄስ አድማሱ መስቀላቸውን ግንባሬ ላይ አሳርፈው ብዙ ደገሙልኝ። እናቴም «ልጄ ሄዶ በሰላም ከተመለሰልኝ» ብላ ለሚካኤል ጥላ ተሳለች። ይህችን ስለት ያዙልኝ፤ ኋላ ታስቸግረናለች።

ካምፕ እንደገባን በረራው ተራዘመ ተባልን። ለምን? አንዱ አለቃ አውሮፕላኑ ነው ይላል፤ ሌላው ወረቀቱ ነው ይላል፤ ሦስተኛው እኛን መልሶ ይጠይቀናል። ለማንኛውም ቤተሰቡን ማየት የፈለገ ይሂድ፤ ሲጠራ ግን በማግስቱ ይገኝ ተባለ። ጓደኞቼ በደስታ ጮኹ። እኔም ሳላስበው አብሬ ጮኼ አውቶቡስ ተሳፈርሁ።

ፍኖተ ሰላም ስንደርስ «ወራጅ አለ» ብዬ ተነሣሁ። ከዚያ ቆምሁ። ከዚያ ተቀመጥሁ። ረዳቱ በሩን ከፍቶ ይዞ «ትወርዳለህ አትወርድም?» ብሎ ተቆጣኝ። ምን ልበለው? የሙክቱ ቆዳ ገና አልደረቀም! «የእንትና ልጅ ፈርቶ ተመለሰ» ቢባል ስሟ የሚነሣው እናቴ ናት። አባቴ ከሞተ ወዲህ በመንደሩ መካከል አንገቷን ቀና አድርጋ የምትሄደው በእኔ ነው። ለእሷ ብዬ ነው አልሁ ለራሴ። ለራሴም ብዬ ነበር፤ አፍሬያለሁ። ስለቱስ? ሳልሄድ ብመለስ ጥላው ይገባል ወይስ አይገባም? «ሄዶ ከተመለሰ» ነው የተባለው። ይህን የሚፈታልኝ ሊቅ አውቶቡሱ ውስጥ ስላልነበረ ቡሬ ድረስ ተወሰድሁ።

ቡሬ የመንደራችን ልጅ ምናለ አለ። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ፋብሪካ ይሠራል፤ መናኸሪያው አጠገብ አንድ ክፍል ቤት ተከራይቷል። እሱ ዘንድ ገብቼ ተደበቅሁ። እስቲ አስቡት፤ የሰው አገር ሰላም ሊያስከብር የታጨ ወታደር ከእናቱ ተሸሽጎ!

እንሄድበታለን የተባለው ቀን ሲደርስ እናቴ ስልኳን ታቅፋ እንደምትውል ስለማውቅ ደወልሁ። «እምዬ፣ በሰላም ገባሁ» አልኋት። ይኸው፣ ዋሸሁ። «ተመስገን! አገሩ እንዴት ነው?» አለችኝ። ሙቀቱ አይጣል ነው ከማለቴ የቡሬ በረዶ ቆርቆሮውን ይወቅጠው ጀመር። ምንድን ነው እንዲህ የሚንጫጫው ብትለኝ ጄኔሬተር ነው አልሁ። በረዶው ጋብ ሲልልኝ ደግሞ ከመናኸሪያው አንድ የሚኒባስ ረዳት «ፍኖተ ሰላም! ፍኖተ ሰላም! አንድ ሰው!» እያለ ጉሮሮውን ከፈተው። እኔ ዝም ብል ምን ነበረበት? «ሰላም አስከባሪዎቹ ናቸው እምዬ፤ መፈክራቸው ነው» አልኋት። «ደግ ነው የኔ ጌታ፤ በርቱ በላቸው» ብላ መርቃ ዘጋችው።

በማግስቱ ገበያ ነበር። ምሳ የሚሆን ልገዛ ወጥቼ ጎረቤታችንን እትዬ ጥሩወርቅን በርበሬ ስትሸጥ አየኋት። ዘልዬ ከጆንያዎቹ ኋላ ተሸጎጥሁ። የማን ጆንያ ነው? የራሷ! የቡሬ በርበሬ ደግሞ የተሸሸገ ሰው አይወድም፤ ሦስት ጊዜ አስነጠሰኝ። እትዬ ጥሩወርቅ ዘወር ሳትል «ይማርህ» ብላ ሚዛኗን ቀጠለች። አላወቀችኝም ብዬ ሚካኤልን አመሰገንሁ።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። የእኔ ግን ሁለቱም ከበዱ። በሦስተኛው ቀን አንድ የሚኒባስ ሾፌር ከእናቴ የተላከ ጆንያ ለምናለ አመጣለት። ሲፈታ ድርቆሽ፣ ቅቤ፣ ከሥር ደግሞ የእኔው ጋቢ። መልእክቱም «ልጄ ባሕር ማዶ ስላለ አንተ ብላለት፤ ጋቢውንም ልበስለት፤ ቡሬ ይበርዳል» የሚል ነበር። ሁለታችንም ግራ ገባን። ምናለ የራሱ ጋቢ አለው። ደግሞስ እናቴ ይህን ያህል ምናለን የወደደችው ከመቼ ወዲህ ነው? ድርቆሹን እየበላሁ በምናለ ቀናሁ። ይህ ጭንቅላት ነው እንግዲህ ከባድ መኪና የተሰጠው።

ብዙም ሳልቆይ ተጠራሁ። ለእናቴ አልደወልሁም። ደርሻለሁ ያለ ሰው ልሄድ ነው ብሎ እንዴት ይደውላል? አውሮፕላኑ ውስጥ ቀበቶው አልገባኝ ብሎ ከጎኔ ካለው ወታደር ጋር አቆላልፌው፣ እስኪያላቅቁን ድረስ እንደ ጥማድ በሬ ተሳስረን ተቀመጥን። አውሮፕላኑ ሲነሣ ግን ሳቄ ጠፋ። በዚያች ሰዓት እናቴ እንድትጸልይልኝ ፈልጌ ነበር፤ እሷ ግን እገባለሁ ባልሁበት ቀን ጸልያ ጨርሳለች። በመስኮቱ ቁልቁል ባሕሩን ብፈልግ ባሕር የለም።

ስንወርድ ሙቀቱ እንደ ምጣድ ተቀበለን። ከድንኳናችን ጀርባ አንድ ትልቅ ጄኔሬተር ምድሩን ያንቀጠቅጠዋል። በሕይወቴ እንደዚያ ጄኔሬተር የወደድሁት ነገር የለም፤ ውሸቴን እውነት አድርጎልኛል። የአገሩን ሲም ካርድ አውጥቼ እየሮጥሁ ደወልሁ። «እምዬ፣ ደረስሁ!»

ቀስ ብላ፣ «ስልክም ቀየርህ?» አለችኝ። «ለእኔ ብለህ ይህን ሁሉ ለምን ትደክማለህ?» እውነቴን ነው እምዬ፣ አሁን የምሬን ነው አልሁ። «ያ በረዶ ዛሬም አላባራም?» አለችኝ። ጄኔሬተር ነው ብዬ ጮኽሁ። «እሺ፣ ጄኔሬተር ይሁን» አለች፤ ሕፃን ሳለሁ ስታባብለኝ በነበረው ድምፅ።

ከዚያ ሁሉንም ዘረገፈችው። ጥሩወርቅ ገበያ ላይ ያየችኝን የዚያኑ ዕለት ነግራታለች። ሁለቱ እንጂ መንደሩ አልሰማም። «ብትፈራስ? ሰው አይደለህም? ሙክት ሌላ ይገዛል፤ አንተን ከየት እገዛለሁ? ሐፍረቱን ለእኔ ተወው፤ እኔ እሸከመዋለሁ» አለችኝ። ስለቱንም ቄስ አድማሱን በምስጢር ጠይቃቸው፣ ሚካኤል መመለሱን ያያል እንጂ መንገዱን አይለካም ብለዋት፣ ጥላውን ትናንት አስገብታለች። አያችሁ? በሰላም የመመለሴ ስለት ተከፍሎ ያለቀው ገና መሄዴ ሲጀመር ነው።

«እምዬ፣ የት ነሽ?» አልሁ፤ ልቤ ነግሮኛል።

«የት እሆናለሁ? የምናለን በር ባንኳኳ አልከፍት አልህ። ቡሬ መናኸሪያው ነኝ፤ ሚኒባሱ ውስጥ። ሁለት ቦታ ይዣለሁ።»

ልመልስላት አፌን ስከፍት ከወዲያ የረዳቱ ድምፅ ቀደመኝ። «ፍኖተ ሰላም! ፍኖተ ሰላም! አንድ ሰው ብቻ ነው የቀረን!»

እናቴም ሳቅ እያለች፣ «ሰማህ? ሰላም አስከባሪዎችህ አንድ ሰው ቀረን እያሉ ነው፤ ጋቢህን ደርብና ቶሎ ና» አለችኝ።