ወደ ኋላ የማይዞረው ዌንደል

በየከተማው ወደ ኋላ የማይዞር ሰው አይጠፋም። ከኋላው ስትጠሩት አይዞርም፣ በር ሲንኳኳ አይዞርም፣ ሳህን ወድቆ ሲሰበር እንኳ አንገቱን አያንቀሳቅስም። ግን ከኋላው የሆነውን ሁሉ ያውቃል። እኛ ከተማ እንዲህ ያለ ሰው የለም የምትሉ ከሆነ ምናልባት ከኋላው ቆማችሁ ይሆናል፤ እሱ ግን አውቋችኋል።

የእኛው ክቡር ዌንደል ኮቫች ይባላል። ዕድሜው አሥራ ሰባት ነው፤ ቁመቱ የበር መቃን ያህላል፣ ወርዱን ደግሞ ተዉት። በኦሃዮ ወንዝ ዳር ባለችው ከተማችን ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ቡድን ይጫወታል። እኛ ዘንድ እግር ኳስ የሚባለው በእጅ የሚያዝ ሞላላ ኳስ ነው፤ ስሙን ማን እንዳወጣለት እኔን አትጠይቁኝ፣ እኔ የተማሪዎች አውቶቡስ ሾፌር ነኝ። የማውቀው ይህን ነው፦ ኳሱን ተቀብሎ ወይ የሚወረውር ወይ ይዞ የሚሮጥ አንድ ልጅ አለ፣ ኳርተርባክ ይሉታል። ከፊቱ ደግሞ እንደ አጥር የሚደረደሩ አምስት ግዙፎች አሉ። ሥራቸው ያንን ልጅ ሊዘርሩት የሚመጡትን ማገድ ነው። ኳስ አይነኩም፣ ስማቸውን የሚጠራ የለም። የሚጠብቁት ልጅ ያለው ከጀርባቸው ስለሆነ፣ ዞር ብሎ ሊያየው የሞከረ ሰው የያዘውን ያስመልጣል። ስለዚህ አይዞሩም። ዌንደል የግራ ጥጉ ነው፣ ከአምስቱም የባሰው።

ከጀርባው ያለው ልጅ ኤሊስ ነው። ኤሊስ ደግሞ የእኔ ልጅ ነው፣ አንድዬ።

ትምህርት እንደተጀመረ ሰሞን ኤሊስ ከአጥሩ ወጥቶ ሲሮጥ ከዌንደል እጅ የሾለከ አንድ ጎረምሳ ጭንቅላቱን መታው። ወደቀ፣ አልተነሳም። ብዙ ቀን መጋረጃ ዘግተን ተቀመጥን፤ ልጄ የውሻችን ስም ጠፋው። ሐኪሙ መነጽራቸውን አውልቀው፣ «ወይዘሮ ባንክስ፣ ይሄኛው ይድናል። ሌላ እንዲህ ያለ ምት ቢደርስበት ግን የምናወራው ስለ ኳስ አይሆንም፣ ስለ መናገርና ስለ መራመድ ነው» አሉኝ። ሲድን እንዲጫወት ፈቀዱ። እኔም እሺ አልኩ። እናት ሆና እንዴት እሺ ትላለች የሚል ካለ ይምጣና ቤቴን ይይ። አባቱ ኔት በጀልባ ሥራ ላይ ሳለ ወንዙ ከወሰደው ወዲህ፣ ኤሊስ ቤት ውስጥ ሲስቅ የምሰማው ሐሙስ ሐሙስ ብቻ ነበር።

ሐሙስ ማለት በከተማችን የኳርተርባኩ ቤት እነዚያን አምስት ግዙፎች የሚያበላበት ቀን ነው። ጨዋታው ዓርብ ነው፤ ሐሙስ ያላበላኸው አጥር ዓርብ አይቆምልህም ይባላል። ኳርተርባኩ ራሱ ያቀርባል፣ ራሱ ሳህን ያጥባል፣ እነሱ ይበላሉ። ጥብስ ዶሮ፣ ማካሮኒ በቺዝ፣ የበቆሎ ዳቦ። ክቡርነታቸው ዌንደል ድስቱ ሥር የቀረውን እያዩ ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው የሚሉት፦ «ይዤዋለሁ።» ድስቱንም ይዤዋለሁ፣ ከባዱንም ሶፋ ይዤዋለሁ፣ ውሻው ሲሮጥም ይዤዋለሁ። ሌላ ቃል የማያውቅ ይመስለኝ ነበር።

ሁልጊዜ የሚቀመጠው ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ፣ ፊት ለፊቴ ነው። አንድ ቀን አፉ ሙሉ ምግብ እንደያዘ፣ «ሚስ ኦዴሳ መጥተዋል» አለኝ። ኦዴሳ ጎረቤቴ ናት። ገና በመስኮቱ ማለፏ ነበር፣ በሩን አላንኳኳችም።

«በምን አወቅክ?»

«በዓይንዎ።»

«ዓይኔ ምን ሆነ?»

«ደከመው።»

ሳልወድ ሳቅሁ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥም እንዲሁ ነው። ፊተኛው ረድፍ ይቀመጥና የሰባኪውን ዓይን እያየ ከኋላ ማን አርፍዶ እንደገባ፣ ማን እንደተኛ፣ ማን ከማን ርቆ እንደተቀመጠ ይነግራችኋል። ሰባኪያችን አሁን አሁን ጣሪያ ጣሪያ እያዩ ነው የሚሰብኩት። ኦዴሳ በጆሮዬ፣ «ይሄ ልጅ ጤና የለውም። የሆነ ነገር ይነግረዋል» ትለኛለች። እኔ አሾፍኩባት። እስከዚያ ሐሙስ ድረስ ነው ያሾፍኩት።

ሌሎቹ በረንዳ ወጥተዋል፣ ኤሊስ ሳህን ያጥባል። ዌንደል የመጨረሻውን የበቆሎ ዳቦ እያጣጣመ ነው። ከጀርባው ኮሪደሩ አለ፣ ኮሪደሩ ላይ የኔት ካፖርት ከተሰቀለበት አልወረደም። ዓይኔ እዚያ ሄዶ ቀረ። ዌንደል ማኘኩን አቆመ።

«ሚስ ሎሬታ፣ ከኋላዬ ማን አለ?»

«ማንም የለም።»

«እርስዎ ግን እያዩት ነው።»

ፊቴን ትንሽ አጠናና፣ ቀስ ብሎ፣ «የሚያውቁት ሰው ነው» አለ። ከዚያ ሳይዞር ወንበሩን ወደ ጎን ሳብ አደረገ፣ የመጣው ሰው እንዲያልፍ። «ብላ፣ ዝም ብለህ ብላ» አልኩት፣ ድምፄ ግን የእኔ አልመሰለኝም። እሱ በላ። እኔ ከዚያ ቀን ጀምሮ የኮሪደሩን መብራት አጥፍቼ አላውቅም።

ንዴትም ነበረብኝ። ልጄ ሲመታ ያ ሁሉን የሚያውቅ ጀርባ የት ነበር? አንድ ቀን ወጥ ቤት ለብቻው አገኘሁትና ያዝኩት።

«አንተ ልጅ፣ ያን ቀን የት ነበርክ?»

«እዚያው ነበርኩ፣ ሚስ ሎሬታ።»

«ታዲያ እንዴት አለፈህ?»

ፎጣውን አስቀመጠ። በሕይወቱ ረጅሙን ንግግር ያደረገው ያን ጊዜ ነው። «እኔ ኤሊስን አላየውም። የማየው የያዝኩትን ሰው ዓይን ነው። ዓይኑ ቀኝ ከሄደ ኤሊስ ቀኝ ነው፤ እኔም ጀርባዬን ወደዚያ አዞራለሁ። ያን ቀን የያዝኩት ልጅ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር የሚመጣው። ኤሊስ መውጣቱን አላወቅኩም።»

«እንግዲያው መሮጡን ይተዋ። ከኋላህ ይቁም።»

«አይሆንም። እኔም አልፈልግም።»

«ምን ማለትህ ነው አልፈልግም?»

«እኔ ፈጣን አይደለሁም፣ ሚስ ሎሬታ። ቆሞ የሚቀር ልጅ ከሆነ ሁሉም በሙሉ ጉልበታቸው ነው የሚመጡብኝ። ሊያመልጣቸው እንደሚችል ሲያውቁ ግን መጀመሪያ ቆም ይላሉ፣ የት እንዳለ ያያሉ። ቆም ሲሉ እይዛቸዋለሁ። እርስዎ እኔ ብቻ እሱን የምጠብቀው ይመስልዎታል። እሱም ይጠብቀኛል። ሩጥ፣ ግን በጀርባዬ በኩል ሩጥ ብዬዋለሁ።»

ሳህን ይዞ በሩ ላይ የደረሰው ኤሊስ፣ «እማ፣ ተይው፣ ተስማምተናል» አለኝ። እኔ ግን አላመንኩም። የሰው ልጅ ሕይወት በሌላ ሰው ዓይን ተንጠልጥሎ እንዴት ይታመናል?

ከዚያ የወንዝ ማዶዎቹ ሊገጥሙን መጡ። ኳርተርባክ ሊያሳድድ ከዳር የሚመጣው አዳኛቸው ዌንደልን ያህላል፣ ሩጫው ግን የድመት ነው። መጀመሪያ ላይ ዌንደል እንዳለው ሆነ። አዳኙ ይነሳል፣ ኤሊስ ትከሻውን ነቅነቅ ያደርጋል፣ አዳኙ አንዴ ቆም ይላል፣ ያኔ ዌንደል ደረቱ ላይ ነው። ዌንደል ሰውየውን ወደ ውጭ ሲገፋ ኤሊስ በጀርባው ታክኮ ውስጥ ውስጡን ይሾልካል። አንዱ ሌላውን ሳያይ እንዲህ መግባባታቸው ደስ አላለኝም፣ የሰው ሥራ አልመሰለኝም። ኦዴሳ እጄን ይዛ፣ «ልጅሽ ዛሬ ክንፍ አውጥቷል» ትላለች።

እረፍት ካለቀ በኋላ ወንዙ ጭጋግ ላከብን። መጀመሪያ የማዶውን ጎል ዋጠ፣ ቀጥሎ መሐል ሜዳውን፣ ቀጥሎ የመብራቱን ምሰሶ። ዳኛው ይታየኛል አሉ። ምን እንደታያቸው እግዜር ይወቅ። እኛ የምንሰማው የትከሻ መከላከያ ሲጋጭ፣ ፊሽካ፣ ከዚያ ዝምታ ነው። ሕዝቡ መጮህ ተወ፤ የማይታይ ነገር ላይ ምን ብሎ ይጮሃል?

እኔ ግን አንድ ነገር ገባኝ። በዚህ ጭጋግ አዳኙም ኤሊስን አያየውም። አዳኙ ካላየ ዓይኑ ባዶ ነው። ዓይኑ ባዶ ከሆነ ዌንደል ዕውር ነው፣ ልጄም ከዕውር ጀርባ ቆሟል።

«ወዴት ነሽ?» አለችኝ ኦዴሳ።

«ልጄን ላወጣ።»

ሻርፔን ጭንቅላቴ ላይ ጠምጥሜ ወረድኩ። አሰልጣኙ የሚቆሙበትን አውቀዋለሁ፣ ከሜዳው የብረት አጥር በር ቀጥታ ነው። ቀጥታ ሄድኩ። አሰልጣኝ የለም። ሰው የለም። ሣሩ እርጥብ ነው፣ ነጩ ሁሉ ነጭ ነው። ኔት የሄደውም እንዲህ ባለ ጭጋግ ነበር። «ኤሊስ» ብዬ ልጠራ አፌን ከፈትኩ። ወዲያው ከፊቴ የሆነ ቦታ ሰዎች ተጋጩ፣ ምድሩ ሲንቀጠቀጥ እግሬ ሥር ተሰማኝ። ከጎኔ አንድ ነገር እየተነፈሰ በሩጫ አለፈ፣ ፊቱን አላየሁም። ያኔ ነው ሜዳው ውስጥ መሆኔን ያወቅኩት።

ከጭጋጉ ውስጥ አንድ ትልቅ ጀርባ ወጣ። ወደ ኋላው እየተንሸራተተ ወደ እኔ ይመጣል። ከትከሻው በላይ ያ አዳኝ ታየኝ፤ እሱም እኔን አየኝ። ጥቁር ካፖርት፣ በሻርፕ የተጠቀለለ ራስ፣ ከነጩ መሐል የቆመች ሴት። ዓይኑ ፈጠጠ፣ ከንፈሩ «እግዚአብሔር» ሲል አየሁት። ዌንደል ያንን ዓይን እያየ ነበር። ጀርባውን በትንሹ አዞረና እኔንና ሰውየውን ለያየን፣ አንዴ በኃይል ገፋው።

ከዚያ አንገቱን ሳያንቀሳቅስ፣ በቀስታ፣ «ሚስ ሎሬታ፣ ከሜዳ ይውጡ» አለኝ።

እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም። አጥሩን ይዤ ስቆም ፊሽካው ይነፋ ነበር። በጎኔ እየተነፈሰ ያለፈው ኤሊስ ነበር፣ በጀርባዬ ዞሮ፤ ዳኛው ሜዳው ጫፍ ኳሱን አቅፎ ብቻውን ቆሞ አገኙት፣ አንድም ጣት አልነካውም። አዳኙ ግን ሣሩ ላይ ቁጭ ብሎ አልነሳም አለ። «ሴትዮ አለች፣ ፊት የላትም» ይላል። ዳኛው ጨዋታውን በጭጋግ ሰበብ አቋረጡት። ማዶ ያሉት እስከ ዛሬ የእናንተ ሜዳ ላይ ወንዝ የበላት ሴት ትታያለች ይላሉ። እኔ በአውቶቡሴ ሳልፍ በትሕትና እጄን አነሳላቸዋለሁ።

አሰልጣኛችን ዌንደልን፣ «ከኋላህ ማን ነበር?» ብለው ጠየቁት።

«አላየሁም፣ አሰልጣኝ። አልዞርኩም።»

በቀጣዩ ሐሙስ ድስቱን በሙሉ ፊቱ አስቀመጥኩለት። «እኔ መሆኔን በምን አወቅክ?»

«ኤሊስን ሲያዩት ዓይናቸው ይርበዋል። ያ ልጅ ግን ፈራ። ስለዚህ ኤሊስ አይደለም አልኩ።»

«ታዲያ ሙት ቢሆንስ?»

«ይዤዋለሁ ስል የማያምነኝ፣ ኤሊስን ፍለጋ ሜዳ ድረስ የሚገባ አንድ ሰው ነው ያለው» አለኝ። ቂም የለውም፤ ማንኪያውን አንስቶ ቀጠለ። እኔ አፈርኩ። ዞሬ ምድጃውን መጥረግ ጀመርኩ፣ ያልቆሸሸውን ምድጃ።

የመጨረሻው የሜዳችን ጨዋታ ቀን ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ወላጅ ሁሉ ለየልጁ ይጮሃል። የዌንደል አባት ፋብሪካ የማታ ተረኛ ነው፣ እናቱ ገና በልጅነቱ ከከተማው ሄዳለች፤ የእሱ ወገን አንድም ወንበር ላይ የለም። ኳሱ ተነሳ፣ ሕዝቡ ብድግ አለ።

ኦዴሳ በክርኗ ጎሰመችኝ። «ሎሬታ፣ ወዴት ነው የምታዪው? ልጅሽ ወዲያ ማዶ እየሮጠ ነው፣ ማንም አልደረሰበትም።»

«አውቃለሁ» አልኳት። ዓይኔን አላነሳሁም። ዌንደል ሰውየውን ገና አልለቀቀም ነበር፣ እሱን የሚያይለት ደግሞ ሌላ ሰው አልነበረም።