ዘንዶው ይርሳው በቡሬ ሜዳ ዋስ ያገኙበት ዜና

የጅቡ ቆዳ በነገሠ በስድስተኛው፣ የዝንጀሮው ጭራ በፋኖስ በነደደ በሦስተኛው፣ ዘንዶው በተሰፋ በመጀመሪያው ዓመት፣ ይኸውም በ፲፱፻፶፰ ዓመተ ምሕረት በዘመነ ማርቆስ፣ ወርኃ ጥር ገብቶ አውድማው ሁሉ በተጠረገ ጊዜ፣ ባለ ብዙ ቆዳው፣ ፊተ ስውሩ፣ የፍኖተ ሰላም አራዊት ሁሉ አለቃ ይርሳው በቡሬ ሜዳ ያደረጉትን ገድል እንጽፋለን። ስንጽፍም ከእውነቱ አናጎድልም፤ ማሳመር ግን የጸሐፊ ወግ ነውና አንተወውም።

እኒህ ይርሳው በሥራ ቀን የወፍጮ ቤት ዱቄት ጠራጊ፣ በበዓል ቀን አውሬ ነበሩ። የከተማው የቴያትር ማኅበር በተመሠረተ ጊዜ፣ መምህር ዓለምብርሃን የሚሉት፣ ድርሰቱን ራሱ የሚደርስ፣ ጀግናውን ራሱ የሚሆን፣ ጭብጨባውንም ራሱ የሚያስጀምር ሰው፣ እሳቸውን ከእግር እስከ ራስ ተመልክቶ ፊታቸው ለሰው እንደማይሆን፣ ቁመታቸው ግን ለአውሬ እንደሚበቃ ስለ ፈረደባቸው፣ ከዚያች ቀን ጀምሮ ከቆዳ ወደ ቆዳ ሲተላለፉ ኖሩ። በፈረስ ቤት ጅብ ሆነው ቢወጡ የአገሩ ውሻ ሁሉ ተጠራርቶ እስከ ገበያው ዳር ሸኛቸው። በግሽ ዓባይ ሰይጣን ሆነው ቢወጡ ለጠበል የመጣው ምእመን በያዘው ቅልና እንስራ ሁሉ አጠመቃቸው፤ እሳቸውም እየተንቀጠቀጡ፣ ነገር ግን ከሰይጣንነታቸው ሳይወጡ፣ ትርኢቱን ፈጸሙ።

ቡሬ ላይ እህል የሚነግድ ገብረሰንበት የሚባል ሰው ያይኔአበባ የምትባል ልጅ ነበረችው። እርስዋም ከአባትዋ ጋር ወደ ፍኖተ ሰላም ገበያ ወጥታ ጅቡን ስታይ እስኪያማት ሳቀች፤ ኋላም ከትምህርት ቤቱ አጥር ጀርባ ጅቡ ራሱን አውልቆ ጭኑ ላይ አስቀምጦ ቆሎ ሲበላ አገኘችውና ውኃ ሰጠችው። ይርሳው ውኃውን ጠጡ፣ ጠጥተውም ሰው መሆን አማራቸው። ሽማግሌም ላኩ። ገብረሰንበት ግን በደጁ ቆሞ እንዲህ ሲል አዋጅ አስነገረ፦

«እኔ ገብረሰንበት ልጄን ለጅብ አልድርም። ዘመድ አማችህ የት አለ ብሎ ሲጠይቀኝ ጉድጓዱን ላሳይ ነው? በራሱ ፊት፣ በሰው ልብስ፣ በአደባባይ ቆሞ ሳየው ያን ጊዜ ሽማግሌ ይላክ። እስከዚያ በደጄ ያለፈ አውሬ ውሻ ይለቀቅበታል።»

ይህን የሰሙ ይርሳው ወደ መምህሩ ሄደው፣ እጅ ነሥተው፣ አንድ ጊዜ ብቻ የሰው ፊት ይሰጣቸው ዘንድ ለመኑ። መምህሩም ብዙ ካስለመነ በኋላ፣ ለቡሬ በተሰናዳው የዘንዶ ቴያትር የንጉሡን አዋጅ ነጋሪ አደረጋቸው፤ ዘንዶውንም ቸኮለ የሚባል ጠንካራ ጎልማሳ እንዲገባበት አዘዘ። ይርሳው አንዲቱን የአዋጅ ቃላቸውን በወፍጮው ጩኸት መካከል ሲያጠኑ ከረሙ፤ እህል ሊያስፈጭ የመጣ ሰው ሁሉ ሸመደዳት። ገብረሰንበትም ወሬው ደርሶት የሰውየውን ፊት ለማየት ከፊት ወንበር እንደሚቀመጥ አስታወቀ።

የዘመቻውም ቀን ደረሰና በእህል ካሚዮን ላይ ወጡ፤ ከበሮ መቺው ገደፋው፣ ጢሙን ተላጭቶ የንጉሡን ሴት ልጅ የሚሆነው ዘሩ፣ መጋረጃ ያዡ፣ ሜዳ ጠራጊው፣ ደግሞም ከበሬ ቆዳና ከጆንያ የተሰፋው፣ ገለባ የተጠቀጠቀው፣ ዓይኑ የጠርሙስ ቂጥ የሆነው ዘንዶ። ቸኮለ ግን አልመጣም። የንስሐ አባቱ ነገሩን ሰምተው ኖሮ፣ በእባብ ቆዳ የገባ ክርስቲያን ቄደር ሳይጠመቅ ቤተ ክርስቲያን እንዳይገባ ስላወገዙ፣ ማለዳ ተነሥቶ ወደ እናቱ አገር ኮበለለ። መምህር ዓለምብርሃንም በካሚዮኑ ላይ ቆሞ እንዲህ ብሎ አወጀ፦

«ያለ ዘንዶ ጀግና የለም፤ ያለ ጀግናም ቴያትር የለም። አዋጅ ነጋሪ ከቡሬ አይጠፋም። ይርሳው፣ ግባ።»

ይርሳውም ገቡ። ያን ጊዜ ያለቀሱትን ልቅሶ ማንም አላየውም፤ ከውጭ የሚታየው የጠርሙስ ቂጥ ነበርና።

ሌላም ጥፋት ነበረ። ገደፋው በመንገድ ላይ በጀግናው የእንጨት ጦር ላይ ተቀምጦ ሰብሮት ነበር። ከፊት የተቀመጠው ገብረሰንበት ጦር እንደ ጠፋ በሰማ ጊዜ ኩራት ተሰማውና፣ የአባቱን ጦር ከቤቱ አስመጥቶ፣ ከአፎቱ አውጥቶ ለመምህሩ ሰጠ። መምህሩም ብረቱ በፀሐይ ሲያብረቀርቅ አይቶ እጅግ ደስ አለው፤ ብረት ብረት መሆኑን ግን አላሰበም።

ጦርነቱም ተጀመረ። የይርሳው ትልቁ ጥበብ መሞት ነበር። ሌላው ተዋናይ አንዴ ወድቆ ይገላገላል፤ እሳቸው ግን ይወድቃሉ፣ ይነሣሉ፣ ይንፈራገጣሉ፣ ሞቱ ሲባል ጭራቸው ትነሣለች፤ ሕዝቡም በእያንዳንዱ ሞት ያጨበጭባል። በዚያች ቀን ደግሞ ሽማግሌ መላክ እንደ ቀረ አውቀው፣ ፊቴን ባያይ ሞቴን እንኳ ይይልኝ ብለው፣ በገብረሰንበት ፊት ከወትሮው ሁሉ አስረዝመው ሞቱ። የድል ንግግሩን ለመናገር የቸኮለው መምህር ተናደደና ወጋ። በመጀመሪያው ገለባ ወጣ። በሁለተኛው ቆዳው ተቀደደ። በሦስተኛው ይርሳው ቀዝቃዛ ብረት በጎናቸው ሲገባ ተሰማቸው። በሰው ድምፅ ቢጮሁ ይድናሉ፤ ነገር ግን የሚለምን አውሬ ተብለው በገብረሰንበት ፊት መታየትን ፈሩና፣ ጥርሳቸውን ነክሰው እንደ ዘንዶ አፏጩ።

ከሴቶቹ መካከል የተቀመጠችው ያይኔአበባ ግን በጆንያው ላይ ደም አየች። የመምህሩ ዘንዶ ገለባ እንጂ ደም እንደሌለው ታውቅ ነበርና ብድግ ብላ አወጀች፦

«በሕግ አምላክ፣ ጦሩ ይቁም።»

ይህን ቃል የሰማ የጎጃም ሰው የሚማታም ቢሆን ዱላውን፣ የሚሸሽም ቢሆን እግሩን ያቆማል። ዘንዶውም አንድ እግሩን እንዳነሣ ቆመ። መምህሩ ግን ይህ ቴያትር መሆኑን፣ ሕግም ከመጋረጃው ወዲህ እንደማይሠራ እያስረዳ እንደገና ሰነዘረ፤ ሲሰነዝርም የቡሬ ሽማግሌዎች ተነሥተው ጦሩን ነጠቁት፣ ተሟጋቾችን እንደ ማቆራኘቱ ወግም የመምህሩን ካባ ጫፍ ከዘንዶው ጭራ ጋር አቆራኙ። አንጋፋው ሽማግሌ ወልደ ዮሐንስም እንዲህ ብሎ አወጀ፦

«አውሬው በሕግ ቆመ፤ ጀግናው ሕግ ጣሰ። ዳኛ እስኪያየው ሁለቱም ዋስ ይጥሩ። ለአውሬው ዋስ የሚሆነው ማነው? ካልተገኘ ባለ ጦሩ ስለ ደሙ ይጠየቃል።»

ባለ ጦሩ ገብረሰንበት ከወንበሩ ፈጥኖ ተነሣ። እንዲህም አለ፦

«እኔ ዋሱ ነኝ። እንዲህ ያለ ሕግ አክባሪ በዕድሜዬ አላየሁም። እንደ ቤቴ ሰው፣ እንደ ልጄ አድርጌ ተውሼዋለሁ።»

ሕዝቡም አጨበጨበ። ዋስ ግን የተዋሰውን ሰው መልክ ማየት አለበትና የዘንዶው ራስ ተነሣ። ከውስጡም ላብ ያሰመጣቸው፣ ፀጉራቸው ገለባ የለበሰ፣ ጎናቸውን በእጃቸው የያዙ ቀጭን ሰው ወጡና፣ ስማቸውን ተጠይቀው ይርሳው ነኝ አሉ። ገብረሰንበት ይህን ስም ሲሰማ ጠቆረ፤ ሁለተኛም አወጀ፦

«ዋስ የሆንሁት ለዘንዶው ነው። ይህን ሰው አላውቀውም።»

ወልደ ዮሐንስም ይህ ሰውና ያ አውሬ አንድ መሆናቸውን የሚያውቅ ይመስክር ሲል ሕዝቡን ጠየቀ። መምህሩ ከጭራው ጋር እንደ ተቆራኘ አኩርፎ ፊቱን አዞረ። ገደፋውና ዘሩ እኛም እንታሰራለን ብለው መጋረጃው ውስጥ ተጠቀለሉ። ይርሳው ዙሪያውን አዩ፤ ስንት ዘመን ያስደነገጡትና ያሳቁት ሕዝብ አንድም የሚያውቃቸው አልነበረበትም፤ ይህም ከጦሩ ይልቅ ወጋቸው።

ያን ጊዜ ያይኔአበባ ነጠላዋን አስተካክላ ወደ መካከል ወጣች፤ አባትዋንም ሳታይ፣ ሽማግሌዎቹን እያየች እንዲህ አለች፦

«እኔ አውቀዋለሁ። ዘንዶ ሳይሆን በፊት አውቀዋለሁ።»

ገብረሰንበት በሽማግሌዎቹ ምላስ ላይ ከየት፣ ከመቼ ታውቂዋለሽ የሚል ጥያቄ ሲመጣ አየ፤ ያ ጥያቄ በገበያ ቀን ከሚወጣ የአባቱን ጦር ቢውጥ መረጠና፣ ሦስተኛውንና የመጨረሻውን አዋጅ ተናገረ፦

«ምስክሩ በቅቷል፤ ሰውየው የተዋስሁት ነው። ሽማግሌ እሑድ ይምጣ።»

ቁስላቸው ሲታይ ጥልቅ አልነበረም፤ ሴቶች በንጹሕ ጨርቅ አሰሩላቸው። መምህሩም የድል ንግግሩን እንደ ታሰረ ማንበብ ጀምሮ ነበር፤ ነገር ግን ያዳመጠው ጭራው ብቻ ነበረ።

ስለዚህ እናወድሳቸዋለን። ሰላም ለጭራዎ፣ ጀግናን አስሮ ላዋለው። ሰላም ለጠርሙስ ዓይንዎ፣ እንባን ለሸሸገው። ሰላም ለጎንዎ፣ ብረት ገብቶበት በሰው ድምፅ ላልጮኸው። ሰላም ለእግርዎ፣ በሕግ አምላክ ሲባል በአየር ላይ ለቆመው። ከሁሉ ይልቅ ሰላም ለፊትዎ፤ የቡሬ ሕዝብ አይቶት ይኸው ነው እንዴ ብሎ ወደ ገበያው ቢመለስም፣ አንዲት ሴት በአባትዋና በአገሩ ሁሉ ፊት አውቀዋለሁ ያለችው እሱን ነውና።