የነጂብ የኮርስ ዕቅድ

ዕድሜውን ሙሉ ሲያቅድ የሚኖር ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ጊንጆ ሰፈር ውስጥ ከአንዱ ጋር ቤት ተከራይቼ እኖራለሁ። ነጂብ ይባላል፤ ከኢንጂነሪንግ ወደ ቢዝነስ ለመዛወር ኮርሶቹን ማቀድ ከጀመረ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ግድግዳው ላይ የለጠፈው ዕቅድ የአገር ካርታ ያክላል።

«ዘንድሮስ አካውንቲንግ ለምን አልወሰድክም?» ስለው፣ «ፈተናው ከቡና ለቀማ ጋር ይጋጫል። አባቴን ሸቤ ያለው ማሳችን ላይ ብቻውን ልተወው እንዴ? ወላሂ አላደርገውም!» ይለኛል። እንዲህ ያለ ልጅ ይባረክ አያስብልም?

ባለፈው ቅዳሜ አባቱ ሊጠይቁን መጡ። ዕቅዱ ፊት ቆመው ትክ ብለው ሲያዩት፣ ልጃቸውን ላስመሰግን ብዬ የለቀማውን ነገር አጫወትኳቸው።

አባት ቀስ ብለው ወደ ነጂብ ዞሩ። «ለመሆኑ» አሉት፣ «የቡና ማሳችን በየት በኩል እንደሆነ ታውቃለህ?»