መጀመሪያ የታሰበው ሌላ ሰው ነበር

አብሯቸው ፊልም ማየት የማይቻል ሰዎች ሦስት ዓይነት ናቸው። አንደኛው የሚተኛው ነው፤ ቢያንኮራፋም ጉዳቱ ቀላል ነው። ሁለተኛው «አሁን ማነው የሞተው?» እያለ የሚጠይቀው ነው፤ እሱንም መልሱን ሰጥቶ መገላገል ይቻላል። ለሦስተኛው ግን መድኃኒት አልተገኘም። ሦስተኛው የተሠራውን ፊልም ትቶ ያልተሠራውን የሚያይ ነው። ተዋናዩ ገና ብቅ ሲል ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ ከመቀመጫው ጫፍ ላይ ይመጣል፣ ከዚያ ያቺን የማትቀር ነገሩን ይለቃታል፦ «መጀመሪያ የታሰበው እኮ ሌላ ሰው ነበር!»

እናንተም ቤት አይጠፋም። አጎት ሊሆን ይችላል፣ የእህት ባል ሊሆን ይችላል፣ አንዳንዴ ለአንድ ሳምንት ብሎ መጥቶ የከረመ እንግዳ ነው። አዋላጅ ነርስ ለመሆን ሁለት ሳምንት በቀራት በአንዲት ልጅ ቤት ግን ይህን ሥልጣን የያዙት የእንጀራ አባቷ ናቸው፤ የሰፈሩ መስታወት ቆራጭ፣ ክቡር አቶ ሊሆን-ነበር። ማዕረጉን የሰጠቻቸው ሚስታቸው ናት፤ በንዴት ነው የሰጠቻቸው፣ እሳቸው ግን በደስታ ተቀብለውታል።

ሥራቸውን ለሚያውቅ ሰው ጠባያቸው አይገርምም። መስታወት አንዴ ከተቆረጠ ተቆረጠ ነው። ግማሽ ጣት ያጠረ መስታወት አይቀጠልም፣ አይሰፋም፣ ይቅርታም አይሰማም። ስለዚህ ክቡርነታቸው ሦስት ጊዜ ይለካሉ፣ ትንፋሻቸውን ይይዛሉ፣ ከዚያ መቁረጫውን አንድ ጊዜ ብቻ ይስባሉ። ቀኑን ሙሉ እርማት የማይቀበል ነገር ሲቆርጥ የሚውል ሰው፣ ቤቱ ሲገባ ሃያ ጊዜ ተጽፎ ሃያ ጊዜ የተቀደደ ነገር ቢያምረው አይፈረድበትም።

ነፍሳቸውን የሰጡት ደግሞ ለአንድ ፊልም ነው። ሰባት ክፍል አለው። አንድ ፓይለትና ሴት ልጁ ባረጀ የጭነት አውሮፕላን እየዞሩ፣ ማንም የማያደርሰውን ዕቃ ማንም ወደማይደርስበት ቦታ ያደርሳሉ፤ በየመሀሉ እሳተ ገሞራ ይፈነዳል፣ ሽፍታ ይተኩሳል፣ ክንፍ ይገነጠላል። ዓለም ተሰልፎ አይቶታል። ክቡርነታቸው እንደሚሉት ከሆነ ግን ዓለም ያየው ትራፊውን ነው።

ልጅቷ መጀመሪያ ስታያቸው ሰባት ዓመቷ ነበር። የሳሎኑ መስኮት በኳስ ተሰብሮ (የማን ኳስ እንደሆነ እስከ ዛሬ አልተጣራም) እናቷ መስታወት ቆራጭ አስጠራች። ሰውየው መስታወቱን በብርድ ልብስ ጠቅልለው፣ ብብታቸው ሥር ይዘው በሩ ላይ ሲደርሱ ቴሌቪዥኑ የመጀመሪያውን ክፍል እያሳየ ነበር። ደህና ዋላችሁ እንኳ ሳይሉ፣

«ይሄ አውሮፕላን እኮ መጀመሪያ መርከብ ነበር፣» አሉ።

«እንዴት?» አለች ልጅቷ።

«ጸሐፊውን ባሕር ያዞረዋል። ሦስት ገጽ በጻፈ ቁጥር ያስመልሰዋል አሉ። ቢቸግራቸው ወደ ሰማይ አወጡት።»

ልጅቷ ከት ብላ ሳቀች። እናቷ ያን ሳቅ ከሰማች ብዙ ጊዜዋ ስለነበር ምን ተፈጠረ ብላ ከወጥ ቤት ወጣች። አባትየው ለሥራ ብሎ ሩቅ ከሄደ ሦስት ዓመቱ ነበር። መጀመሪያ ደብዳቤው ጠፋ፣ ቀጥሎ ስልኩ ጠፋ፣ በመጨረሻ የፍቺው ወረቀት ብቻ መጣ። የዚያን ቀን መስኮቱ በአንድ ሰዓት ተገጥሞ አለቀ። መስኮቱን የገጠሙት ሰው ግን በዓመቱ ሻንጣቸውን ይዘው መጡና እዚያው ቀሩ።

ከሻንጣው ጋር አንድ ካርቶን ሙሉ የድሮ መጽሔት አብሮ ገባ፤ የእውቀታቸው ምንጭ እሱ ነው። ቤተሰቡ አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ያልጠየቀውን ሁሉ ተማረ። የፓይለቱ ውሻ በመጀመሪያው ረቂቅ አህያ ነበረች፤ አህያዋ የአውሮፕላኑ ደረጃ ሥር ቆማ አልወጣም ስላለች ሥራዋን ለውሻ አስረከበች። ክፉው ሰውዬ የፓይለቱ ወንድም እንዲሆን ታስቦ ነበር፤ ጸሐፊው ከገዛ ወንድሙ ጋር ሲታረቅ ሐሳቡ ተሰረዘ። በሁለተኛው ክፍል መጨረሻ ሁሉም ወድቀው ሊያልቁ ነበር፤ «ሦስተኛውን ማን ይሠራልናል?» ተብሎ በሕይወት ተረፉ።

«አንተ ሰውዬ፣ እባክህ የተሠራውን እንይበት!» ትላለች እናቷ። ትራስ ትወረውራለች። ክቡርነታቸው ትራሱን ይቀልቡና «ይሄም ትራስ መጀመሪያ የታሰበው ቀዩ ነበር፣» ይላሉ።

ነገሩ በፊልም ቢቆም ደግ ነበር። አንድ ጊዜ በዘመድ ሠርግ ላይ ገበታ ቀርቦ፣ ሁሉም ሙሽሮቹን እያየ «ሲያምሩ!» ሲል፣ ክቡርነታቸው ጎን ለጎናቸው ወደተቀመጡት ሴቶች ጠጋ አሉ። «ይሄ ልጅ እኮ መጀመሪያ የታሰበው አልነበረም። ለሷ የታሰበው አንድ ሐኪም ነበር።» ሴቶቹ የሙሽራው አክስቶች ነበሩ። ወደ ቤት ሲመለሱ እናቷ መንገዱን በሙሉ አላናገረቻቸውም።

«እኔ እኮ ማመስገኔ ነው!» እያሉ ከኋላ ከኋላዋ ይከተላሉ። «‹አሁን ግን ከዚህኛው ሌላ ሰው ታስባላችሁ?› ልል ነበር እኮ! አላስጨረሱኝም!»

እውነታቸውን ነበር። ማንም አያስጨርሳቸውም እንጂ የወሬያቸው ሁሉ መዝጊያ ይህ ነው። የቀረው ተዋናይ ምን ያህል መልከ መልካም እንደነበር፣ ምን ያህል ስም እንደነበረው ከተረኩ በኋላ፣ የተተካውን እያዩ «አሁን ግን ከዚህኛው ሌላ ሰው ታስባላችሁ?» ይላሉ። ሰው የሚሰማው ግን የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ነው።

ልጅቷ የምትጠራቸው «ጋሼ» ብላ ነው። «አባዬ» የሚለው ቃል የተያዘ ነበር፤ ባለቤቱ ባይኖርም ኮቱን ወንበሩ ላይ ጥሎ እንደወጣ ሰው ቦታውን አልለቀቀም። ዘጠኝ ዓመቷ ላይ አንድ ቀን ኃይለኛ ዝናብ ጥሎ፣ ከትምህርት ቤት ስትወጣ ክቡርነታቸውን የሱቃቸውን ላስቲክ ይዘው በሩ ላይ ቆመው አየቻቸው። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ። ግን «ጋሼ፣ ምነው መጡ?» ሆኖ ወጣ።

«መጀመሪያ ሌላ ቦታ ነበር የምሄደው። መንገድ ላይ ሐሳቤን ቀየርኩ፣» አሉና ላስቲኩን አለበሷት። እሳቸው ራሳቸው እስከ ካልሲያቸው ርሰው ነበር።

እንግዲህ የዚህች ልጅ ምረቃ ደረሰ። ተመራቂዎቹ ቃለ መሐላ የሚፈጽሙበት አዳራሽ ጠባብ ስለሆነ ለእያንዳንዳቸው ሁለት የመግቢያ ካርድ ብቻ ተሰጣቸው። ለእናትና ለአባት መሆኑ ነው። በዚያው ሳምንት ስልክ ተደወለ። የወለዳት አባቷ ነበር፤ በበዓል ሰሞን ካልሆነ የማይደውለው።

«ለመሐላሽማ እመጣለሁ። አባትሽ አይደለሁ እንዴ?» አለ። ክፉ ሰው አይደለም፤ መቅረት የለመደ ሰው ነው። ልጅቷ እሺም እምቢም ማለት አቅቷት «መልሼ እደውላለሁ፣» አለች።

ምሳ ላይ ነገሩን ተናገረች። ካርዶቹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠቻቸው። እናቷ አቀርቅራ ሳህኗን አየች። ክቡርነታቸው ፈገግ አሉ።

«የመጀመሪያው ሰው ከተገኘማ ምን ክርክር አለው? ሚናው እኮ ለሱ የተጻፈ ነው። እኔ ግቢው ውስጥ እጠብቃችኋለሁ። ግቢ ደግሞ ነፋስ አለው፣ ጥሩ ነው።»

ሳህናቸውን አንስተው ወደ ወጥ ቤት ሄዱ። እዚያ ቆመው አንዷን ሳህን በጣም ለረጅም ጊዜ አጠቧት።

ከዚያ በኋላ ቤቱ ላይ ያልታሰበ መዓት ወረደ፤ ክቡርነታቸው ዝም አሉ። እናቷ አዲስ መጋረጃ ሰቀለች፤ መጀመሪያ ምን ሊሆን እንደነበር የተናገረ የለም። ቴሌቪዥኑ የመጀመሪያውን ክፍል አሳየ፤ አውሮፕላኑ ብቅ አለ፣ ስለ መርከብ የተነሳ ነገር የለም። አሥራ አምስት ዓመት «ኧረ ዝም በል!» ሲል የኖረ ቤት ጸጥታውን ሲያገኘው አልቻለውም።

«ምን ሆነሃል? አመመህ?» አለች እናቷ።

«ምንም። ፊልም እያየሁ ነው።»

«ፊልም እያየህ?» ደነገጠች። ልጇን ወጥ ቤት ጠርታ «ካርዱ ያንቺ ነው፣ እኔ አንድም ቃል አልናገርም፣» አለቻት። ቃሏን ጠበቀች፤ ድስቶቹ ግን ያን ቀን ብዙ ተናገሩ።

እሁድ ከሰዓት በኋላ የሦስተኛው ክፍል ተራ ደረሰ። ሦስተኛው ክፍል ፓይለቱን የሚጫወተው ሰው የተለወጠበት ነው፤ የመጀመሪያው ተዋናይ በውል ተጣልቶ ወጥቶ በማይታወቅ ሰው ተተካ። የፓይለቱ ልጅ በአውሮፕላን ማቆሚያው ውስጥ እየሮጠች መጥታ «አባዬ!» ብላ አዲሱ ሰው ላይ የምትጠመጠምበት ቦታ አለ። እዚህ ቦታ ላይ ክቡርነታቸው ሁልጊዜ «ይቺን አንዲት ቃል እኮ አሥራ አንድ ጊዜ…» ብለው ይጀምራሉ፤ ትራሱ ይመጣል፤ ወሬው እዚያ ይቀራል። ያን ቀን ቦታዋ ደረሰች። ክቡርነታቸው ጉልበታቸውን አቅፈው ዝም አሉ።

ልጅቷ ፊልሙን አቆመችው።

«እማዬ፣ ታውቂያለሽ?» አለች። «ይቺን ቦታ ዘጠኝ ጊዜ ነው የቀረጿት።»

የክቡርነታቸው ጉሮሮ ተንቀሳቀሰ። ግን ቻሉት።

«ዘጠኝ ጊዜ። ልጅየዋን ጉንፋን ይዟት ነበር አሉ።»

«አሥራ አንድ!» ክቡርነታቸው ብድግ አሉ። «አሥራ አንድ ጊዜ! ደግሞ የምን ጉንፋን ነው? ማነው ጉንፋን ያለሽ?»

የእናቷ እጅ እንደ ልማዱ ወደ ትራሱ ሄደ። ልጅቷ ያዘቻት።

«እሺ፣ ለምንድነው አሥራ አንድ?»

«አቅቷት ነዋ! ሁለት ክፍል ሙሉ ሌላውን ሰው አባዬ ስትል ነው የኖረችው። አዲሱ ጋ ስትደርስ ቃሉ አልወጣ አላት። ትሮጣለች፣ ፊቱን ታያለች፣ ትቆማለች። ‹ከት!› ይባላል። እንደገና። አሥራ አንድ ጊዜ።»

«ሰውየውስ? አዲሱ?»

ይህን ጠይቋቸው የሚያውቅ አልነበረም።

«እሱማ ምን ይላል? አልተቆጣም። በእያንዳንዱ ጊዜ ተመልሶ አውሮፕላኑ ሥር፣ ቦታው ላይ ይቆማል። ቆሞ ይጠብቃታል።»

«በመጨረሻስ እንዴት ቻለች?»

«ዳይሬክተሩ ለብቻዋ ጠራት።» ድምፃቸው ዝቅ አለ። «‹ፊቱን ተዪው፣ ፊቱ አዲስ ነው፣› አላት። ‹እጁን እዪ። አውሮፕላንሽን ሲጠግንልሽ የኖረው እጅ ያ ነው።›»

ልጅቷ እጃቸውን አየች። አውራ ጣታቸው ላይ ፕላስተር ነበር፤ ፕላስተር ያልነበረበትን ቀን አታስታውስም። ግራ መዳፋቸው ላይ ያለውን ረጅሙን ጠባሳ ግን በደንብ ታውቀዋለች። የፈተናዋ ሰሞን የማጥኛ ጠረጴዛዋን መስታወት ሊያደርሱላት ሲሉ የተቆረጡት ነው። እኚህ ሦስት ጊዜ ለክተው የሚቆርጡ ሰው በሕይወታቸው የቸኮሉት ያን ቀን ብቻ ነበር። ልጅቷ እንደምትወዳቸው ድሮም ታውቅ ነበር፤ ምን ያህል እንደሆነ ግን አሁን ነው የገባት።

ካርዱን ከቦርሳዋ አውጥታ ጠባሳው ላይ አስቀመጠችው።

«ሐሙስ ሦስት ሰዓት ነው፣» አለች። «እንዳትዘገይ፣ አባዬ።»

አባዬ የተባለው ሰው ካርዱን ገልብጦ አየው፣ መልሶ ገልብጦ አየው። «ይሄ እኮ… መጀመሪያ የታሰበው…» አለና አልቻለም።

«አውቃለሁ። አሁን ግን ከዚህኛው ሌላ ሰው ታስባለህ?»

እናቷ ትራሱን አቅፋ አለቀሰች። ፊልሙ እንደቆመ አመሸ።

በማግስቱ ልጅቷ ለወለዳት አባቷ ደወለች። አዳራሹ ውስጥ ማን እንደሚቀመጥ ሳትደብቅ ነገረችው፤ ግቢው ውስጥ ጠብቆ አብሯት ፎቶ ቢነሳ ደስ እንደሚላትም ነገረችው። እሱም «ልክ ነሽ፣» አለ። ሐሙስ ዕለት አበባ ይዞ መጣ፤ በሩ ላይ የመስታወት ቆራጩን እጅ በሁለት እጁ ጨበጠ።

ልጅቷ ነጭ ልብሷን ለብሳ መድረኩ ላይ ከጓደኞቿ ጋር ተሰልፋ ቆመች። አራተኛው ረድፍ ላይ እናቷን አየች፣ ከእናቷ ቀጥሎ አባቷን፣ ከሱ ቀጥሎ ደግሞ የማያውቁትን የአንዷን ተመራቂ አባት። ቀኝ እጃችሁን አንሱ ተባለ፤ አዳራሹ ጸጥ አለ። ልክ በዚያች ሰዓት አባቷ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ከወንበሩ ጫፍ ላይ መጣ፣ ወደማያውቀው ሰው ጆሮ ጠጋ አለ። የእናቷ ክርን ጎኑን ሲመታው ከመድረኩ ላይ ይታይ ነበር።

ምን እንዳለ ለማወቅ ልጅቷ መስማት አላስፈለጋትም።

«ይሄ ወንበር እኮ፣» ነበር ያለው፣ «መጀመሪያ የታሰበው ለሌላ ሰው ነበር።»