አውሮፕላን የደፈንኩበት ካልሲ

ዛሬ የሠራሁትን ብነግራችሁ ግማሻችሁ ትስቃላችሁ፣ ግማሻችሁ ደግሞ ከእንግዲህ ከእኔ ጋር ባጃጅ እንኳ አትሳፈሩም።

ሰማይ ላይ የሚበር አውሮፕላን ደፈንኩ!

አዎ፣ በካልሲ!

ቆይ፣ ከሥሩ ልጀምር። ባለቤቴ ዓረብ አገር ከሄደ ስድስት ዓመት ሊሆነው ነው። ሲሄድ ልጃችን ሀያት ሆዴ ውስጥ ነበረች። አባቷን የምታውቀው በስልክ ብቻ ነው፤ ስክሪኑን ስማ ትሰናበተዋለች። አሁን የአሥር ቀን ፈቃድ አገኘና አዲስ አበባ መጣ። እኛ ያለነው ሐይቅ ከተማ ነው፤ "በመኪና ቀን አታቃጥሉብኝ" ብሎ ከኮምቦልቻ የአውሮፕላን ቲኬት ቆረጠልን።

ጭንቀቴ ሁለት ነበር። አንደኛው፣ ልጄ አባቷን ፊት ለፊት ስታይ እንደ ባዳ ብትሸሸውስ? ሳምንቱን ሙሉ "አባዬ ብለሽ ትጠመጠሚበታለሽ፣ እሺ?" እላታለሁ። እሷ ዝም ነው። ዝም!

ሁለተኛው ቲክቶክ ነው። ቲኬቱ ከመጣ ወዲህ ስልኬ አውሮፕላን እንጂ ሌላ አላሳይ አለኝ። አንዱ ልጅ "መርፌ የምታክል ቀዳዳ ከተከፈተች ሰው ሁሉ ተመጥጦ ይወጣል" አለ።

በመርፌ ቀዳዳ! እኔን የሚያህል ሰው! እንዴት ብዬ እንኳ አልጠየቅኩም። አምኜ ላይክ አደረግኩ።

ዛሬ ቢስሚላህ ብለን ተሳፈርን። የሀያትን ቀበቶ አሰርኩ። አላመንኩትም፤ በላዩ ላይ በመቀነቴ ከራሴ ወገብ ጋር ጠፈርኳት። ከተመጠጥንም አብረን!

ከመተላለፊያው ማዶ የተቀመጡ ጢማቸው የነጣ ሐጂ አይተውኝ "አብሽሪ ልጄ፣ ምንም የለም" አሉኝ። እኝህን ሐጂ ያዙልኝ።

ተነሳን። ከዚያ ሰማሁት።

ሽሽሽሽ...

ከራሴ በላይ ክብ ነገር አለ፣ መሃሉ ቀዳዳ። እጄን ሰደድኩ። ነፋስ!

እንግዲህ ስሙኝ። እኔ ሐይቅ ዳር ያደግኩ የዓሣ አጥማጅ ልጅ ነኝ። አባቴ ጀልባው ላይ አንድ ሕግ ነበረው፦ ቀዳዳ ካየሽ አትጩኺ፣ አትጠይቂ፣ መጀመሪያ ጨርቅ ጎስጉሺ። ጥያቄው ዳር ከደረስን በኋላ ነው።

ጎሰጎስኩ! የሀያትን ቢጫ ካልሲ ካንድ እግሯ መዥርጬ፣ በቤቴ ቁልፍ ጫፍ እየገፋሁ ጥርቅም አደረግኩት። ፉጨቱ ቆመ። አልሃምዱሊላህ!

"ምን አገኘሽ ልጄ?" አሉ ሐጂ።

"ቀዳዳ አለ ሐጂ። እየደፈንኩ ነው።"

ወደ ላይ አዩ። ፊታቸው ተለዋወጠ። "ያ አላህ! የእኔም ያፏጫል! ያዢ!" ብለው መሐረባቸውን ወረወሩልኝ።

የእሳቸውን ልደፍን ስንጠራራ መቀነቱ ያዘኝ። "እማ፣ ወገቤን ልትቆርጪው ነው!" ብላ ሀያት ጮኸች። ከኋላ አንዷ ደግሞ "ኧረ ይቺን ሴትዮ ያዙልን፣ በሙቀት ልትጨርሰን ነው!" አለች።

ሆስተሷ መጣች። ስንገባ ጀምሮ ፈገግታዋ አልጠፋም ነበር። እኔ ጋ ስትደርስ ጠፋ።

"እናት፣ ምን እያደረጉ ነው?"

"አየር እየወጣ ነው!"

"እየገባ ነው እንጂ! እንዲነፍስልዎ ነው። ካልፈለጉት ይዘጋል።" የሐጂን በሁለት ጣቷ አዙራ ዘጋችው።

በሁለት ጣት!

ሐጂ ይመሰክሩልኛል ብዬ ዞርኩ። በመስኮቱ ደመና እያዩ "ምንም የለም ብያት ነበር" አይሉም?! ወላሂ!

አንዴ ተዋርጃለሁ ብዬ የሆዴን ሁሉ ጠየቅኳት። እውነተኛ ቀዳዳ ቢኖርስ?

"አውሮፕላኑ ራሱ አየር የሚለቅበት ቀዳዳ አለው" አለች። "በአንድ በኩል ይሞላል፣ በሌላው ይለቃል። በመርፌ ቀዳዳ ማንም አይመጠጥም።"

ቀዳዳ አለው ስትል ሐጂ ደመናቸውን ትተው ዞሩ።

"አየሩ በአንዴ ቢያልቅስ?"

"እሱ ቀላል ነገር አይደለም። ግን አብራሪው የሠለጠነበት ነው፤ ቶሎ ወደ ታች ያወርደናል፣ አየሩ ወፍራም ወደሆነበት። ለመሆኑ ከየት ነዎት?"

"ከሐይቅ። እናቴ የአምባሰል ሰው ናት።"

"አምባሰል ተራራ ጫፍ ወጥተው ያውቃሉ?"

"የአክስቴ ልጅ ሠርግ ላይ ሦስት ቀን ጨፍሬበታለሁ!"

"እዚያ ያለው አየር እዚህ ውስጥ ካለው ይሳሳል።"

አፌን ያዝኩ። እዚያ በሳሳው ሦስት ቀን ጨፍሬ፣ እዚህ በወፈረው ቁጭ ብዬ ነፍሴ ልትወጣ!

የሀያት ካልሲ ግን አልወጣም። ሆስተሷ ጎትታ ጎትታ "ባለሙያ ያውጣው" ብላ ተወችው።

አዲስ አበባ ደረስን። ባለቤቴ መውጫው ላይ ቆሟል። ከስቷል።

ሀያት ቀሚሴ ውስጥ ተሸጎጠች። የፈራሁት!

"ነይ የኔ ዓለም፣ አባዬ ነኝ" አላት። ንቅንቅ የለም። እጁን እንደዘረጋ ቀረ። ዓይኑ ሲሞላ አየሁ።

ከዚያ ቁጢጥ አለና እግሯን አየ።

"አንዱ ካልሲሽ የት ሄደ?"

ልጄ ጭንቅላቷን ብቅ አደረገች።

"እማ አውሮፕላን ደፈነችበት!"

ከዚያ በኋላ ማን ያስቁማት! ፉጨቱን በአፏ፣ የሐጂን ድንጋጤ በፊቷ፣ የእኔን አወታተፍ በጣቷ! ዕድሜዋን ሙሉ ያላወራችውን በአንድ ትንፋሽ። እሱ እዚያው መሬት ላይ ተቀምጦ በሳቅ ፈረሰ። ታክሲ ውስጥ ስንገባ አንገቱ ላይ ነበረች።

ይህን ስጽፍ ከጎኔ "ሽሽሽ" እየተባባሉ በእኔ ይስቃሉ። ይሳቁብኝ!

ሰሞኑን የምትበሩ ካላችሁ፣ ከራሳችሁ በላይ ቢጫ ካልሲ ብታዩ አትደንግጡ። ካወጣችሁትም እባካችሁ ላኩልኝ፤ ጓደኛው ብቻውን ቀርቷል። ብቻ በአላህ፣ ጎትታችሁ ስታወጡት ሽሽ ቢል... እናንተስ ምን ልትጎሰጉሱበት ነው?