በማዕረግ ያስመረቁኝ ቫይረሶች

ትናንት ሌሊት በሕልሜ ቫይረሶች ሲያጠኑኝ አየሁ።

እኔ የሦስተኛ ዓመት የላቦራቶሪ ተማሪ ነኝ። በሕልሜ ግን ተማሪዎቹ እነሱ ነበሩ፤ እኔ ናሙና ሆኜ በሁለት መስታወት መሐል ተኝቻለሁ። አዳራሹ ጢም ብሏል። በሩ ላይ የእብድ ውሻ በሽታ ዘበኛ ሆኖ መታወቂያ ያያል፤ የሌለውን ይነክሳል። ጉንፋኖች እንደ ልማዳቸው ብዙ ሆነው የፊቱን ወንበር ይዘዋል። መምህሩ ፕሮፌሰር ኩፍኝ ነበሩ፤ ቀይ ነጠብጣብ ያለበት ጋውን ለብሰዋል።

«የዛሬው ጥያቄ፣» አሉ፣ «ሰው ሕይወት አለው ወይስ የለውም?»

እኛ ይህንኑ ስለ እነሱ ተምረናል። መልሱን በቃሌ አውቀዋለሁ። ልናገር ስል መስታወቱ አፌን ዘጋኝ።

አንድ ጉንፋን እጁን አወጣ። «የለውም፣ ፕሮፌሰር። እቺን ናሙና ተከታትያታለሁ። ሃንዳውት ታባዛለች፤ ያባዛችውን ትሸመድዳለች፤ ፈተና ላይ ትተፋዋለች። ከዚያ ሌላ ሃንዳውት ታባዛለች።»

«እኛስ ከመባዛት ሌላ ምን ሥራ አለን?» አለው ጎረቤቱ።

«እኛ ስንባዛ እንለወጣለን! የእሷ ሃንዳውት ከታላላቆቿ ሲወርድ የመጣ ነው፤ ስህተቱ እንኳ ያው ነው።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሳቁ አንገበገበኝ፤ እውነት መሆኑ ደግሞ ባሰብኝ። መስታወቱን በክርኔ ገፍቼ ተነሳሁ።

«የቫይረስ መመርመሪያውን ፒሲአር ጠይቁኝ! በስንት ዲግሪ እንደሚሞቅ፣ ስንት ዙር እንደሚዞር፣ ሁሉንም አውቃለሁ!»

«ማሽኑን አይተሽዋል?» አሉ ፕሮፌሰሩ።

«ስላይድ ላይ።»

«ናሙና መቅጃውን ፒፔትስ ይዘሽ ታውቂያለሽ?»

«ግሩፑ ትልቅ ስለሆነ… ተወካያችን ይዟል።»

ከኋላ ጋቢ የተከናነቡ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ፈንጣጣ ነበሩ፤ ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። ሁሉም ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው «ኖር!» አሉ።

«በእግዜር። ተቀመጡ ልጆቼ። ሰውን አትናቁ፤ እኔን ከምድር የነቀለኝ ሰው ነው። ወንዝ ተሻግሮ፣ ገደል ወርዶ፣ ቤት ለቤት ክንድ እየያዘ ነቀለኝ። እስቲ የዚችን እጅ አሳዩኝ።»

እጄን ዘረጋሁ። መነጽራቸውን አድርገው አገላበጡት። መሐል ጣቴ ላይ እስክሪብቶ ከሠራው ጉብታ በቀር ምንም አላገኙበትም።

«እፎይ!» አሉ፤ ፊታቸው በራ። «ይቺ አትነካንም። አስመርቋት።»

«በማዕረግ!» ብለው ጮኹ ጉንፋኖቹ።

እልልታው ቀለጠ። ፕሮፌሰር ኩፍኝ ጥቁር ካባ ደርበውልኝ ግንባሬን ሳሙኝ።

«ነገ የታመመ ሁሉ ደሙን ለአንቺ ነው የሚሰጠው» አሉኝ። «አደራ ልጄ፣ እንዳትለወጪ።»

«አልመረቅም!» ብዬ ጮኽኩ። «ካባችሁን ውሰዱ! አንድ ምርመራ በእጄ ሳልሠራ አልመረቅም!»

ካባውን ስቀድ ነቃሁ። አንሶላዬን ነበር የቀደድኩት። የዶርም ጓደኛዬ ዘርትሁን ጋውኗን ለብሳ አጠገቤ ቆማለች።

«አንቺ፣ ምን ያስለፈልፍሻል? ተነሽ! ዛሬ ፕራክቲካል ነው፤ ፒሲአር በየእጃችን እንሠራለን ተብሏል።»

ፊቴን እንኳ ሳልታጠብ ሮጥኩ።

ላቦራቶሪው ውስጥ ማሽን የለም። ንብረት ክፍል ተቆልፎበታል፤ ቁልፉን የያዘው ሰው ፈቃድ ወጥቷል። መምህራችን ማሽኑን ሰሌዳው ላይ በጠመኔ ስለውታል፤ ክዳኑም ማብሪያውም አልቀረም። ተሰልፈን በየተራ ማብሪያውን እንድንጫን አዘዙን። ተራዬ ሲደርስ ባለ በሌለ ኃይሌ ጫንኩት። ማብሪያው ጣቴ ላይ ቀረ።

«አበላሸሽው!» ብለው አንባረቁብኝ። «ለሚቀጥለው ግሩፕ በምን ላስተምር ነው?»