ከቀብር በኋላ የተስተካከለ ፋይል

ጋሽ ተክሌ ያረፉት በሆሳዕና ማግስት ነው። የዘር ሐረጋቸውን የመዘገቡበት ፋይል ለመጨረሻ ጊዜ የተስተካከለው ደግሞ በዳግማይ ትንሣኤ ማግስት። በመካከሉ ሁለት ሳምንት አለ። ቀብራቸው ላይ ቆሜያለሁ።

ሰው ሲሞት ልብሱ ይታደላል፣ አልጋው ቦታ ይቀይራል፤ ኮምፒውተሩን ግን ማንም ደፍሮ አይነካውም። እናንተም ቤት አንድ አይጠፋም። የጋሽ ተክሌም ሰሚት ባለው ቤታቸው ሳሎን ጥግ ተቀምጦ ከርሞ አንድ ቀን መብራት ሄዶ ሲመጣ ተቃጠለ።

የተቃጠለው በክፉ ጊዜ ነው። ልጃቸውን ሳሮንን ሊጠይቁ ሽማግሌዎች እሑድ ይመጣሉ፤ ሊያገባት ያሰበው ልጅ ወገኖች ደግሞ የጋሽ ተክሌ አገር ሰዎች ናቸው። እናትየው ወይዘሮ አልማዝ፣ ሰባት ቤት ተቆጥሮ ዝምድና አለመኖሩ ካልታወቀ ልጄን አልሰጥም ብለዋል። ቆጠራው ያለው የተቃጠለው ኮምፒውተር ዲስክ ውስጥ ብቻ ነው።

ወሎ ሰፈር የሚሠራው ጠጋኝ ዳዊት ዲስኩን አውጥቶ ሌላ ኮምፒውተር ውስጥ ከተተው። የሁለቱ ኮምፒውተሮች ቦርድ ስለማይመሳሰል ላይነሣ ይችላል ብሎ አስጠነቀቀን። ስክሪኑ ጠቆረ፣ ቆየ። ከዚያ በማያውቀው ሣጥን ውስጥ የሟቹ ገጽ እንደነበረ ተከፈተ፤ የይለፍ ቃል ጠየቀ። ከሳሮን በቀር የሚያውቀው አልነበረም፤ አስገባች።

ወይዘሮ አልማዝ ፋይሉ የተስተካከለበትን ቀን አይተው አማተቡ። «ሳይጨርስልሽ አልሄደም» አሏት። ሳሮን ፋይሉን ከፈተች።

እኔ የቤቱ ወዳጅ፣ በዜና ሥራ ያረጀሁ ሰው ነኝ፤ ሙታን አይጽፉም። የቦርዱ ባትሪ አልቆ ሰዓቱ ተዛብቶ ነው ብዬ አስረዳሁ። ሁሉም አመነኝ። እሑድ ሁለቱም ወገኖች ቆጠሩ፣ እኔም እንደ ልማዴ ስሞቹን ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩ። የትም አልተገናኙም። ሰርጉ አማረ።

ከወራት በኋላ ላፕቶፔን ላሠራ ዳዊት ዘንድ ሄጄ የባትሪውን ነገር አነሣሁበት። ሳቀብኝ።

«ጋሼ፣ ባትሪ ሲያልቅ ሰዓቱ ወደ ኋላ ነው የሚመለስ። ወደ ፊት የሄደ አላየሁም።»

ዲስኩን ከመንካቱ በፊት ሙሉውን ቀድቶ አስቀምጦ ኖሯል። ከፈተልኝ። ከዚያው ፋይል አጠገብ ኮምፒውተሩ በራሱ ያስቀረው የቆየ ቅጂ አለ፤ ቀኑ ጋሽ ተክሌ በሕይወት ሳሉ ነው። ከማስታወሻዬ ጋር አስተያየሁት። ስድስተኛው ቤት ላይ እሑድ ዕለት ያልተነበበ ስም ተጽፏል።

ያው ስም ማስታወሻዬ ላይ የሙሽራው ስድስተኛ አያት ነው።